አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ወደሌለ ከተማ

አልጋነሽ ሰላይ ናት ተባለ።

ለማን እንደምትሰልል ግን ስምምነት አልነበረም። ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ለፈረንሳይ ናት አለ። ካርቲየ 2 ፈረንሳይን ናቅ አድርጎ አሜሪካ አደረጋት፤ ደመወዙ ይሻላል በሚል ይመስላል። አምቡሊ ያሉት ዘበኞች የለም ጃፓን ናት ብለው ተከራከሩ፤ ማስረጃቸው ዝምታዋ ነበር። ዶራሌ ወደብ ደርሶ የተመለሰው ወሬ ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ ተደብቃ መንገዱን በሜትር ስትለካ እንደታየች ጨምሮበት መጣ። ጅቡቲ የየአገሩ ወታደር በየጥጉ የየራሱን ባንዲራ ሰቅሎ የሰፈረባት ከተማ ስለሆነች፣ እገሊት ሰላይ ናት ሲባል «እውነት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «የማን?» ነው።

እውነቱ ይኸውና። አልጋነሽ ለማንም አልሰለለችም። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ ዳገት የሚወጣ ወንዝ አይታ ዝም ማለት አልቻለችም።

አልጋነሽ የወሎ ሰው ናት፣ የሐይቅ አካባቢ ልጅ። አባቷ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ሥር ያሉትን የውኃ ቱቦዎች ይጠርጋሉ። ምሳ ይዛላቸው ስትሄድ ጉድባው አፋፍ ላይ አስቀምጠዋት፣ «መንገድ የሚያፈርሰው መኪና እንዳይመስልሽ፤ መኪና ስሙ ነው የጠፋው፤ ውኃው ነው» ይሏታል። የጎረቤት ልጆች ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ እየሰሙ ሲያድጉ እሷ ስለ ቱቦ እየሰማች አደገች። በ1991 ዓ.ም.፣ ሰሜኑ ላይ ጦርነቱ ተነስቶ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ በዞረበት ሰሞን፣ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ወረደች። መኪናው ሚሌን ሲያልፍ ባሌስትራው ተሰብሮ መንገዱ አራት ቀን ፈጀ። ሌላው ተሳፋሪ ሲያማርር እሷ ሰው ከየት ውኃ እንደሚቀዳ፣ መኪና ለምን እዚያ ጥግ እንደሚቆም ስታይ አራቱ ቀን አለቀ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። የመጨረሻው ቤት አምቡሊ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። ባልየው የወታደር አውሮፕላን ይጠግናል፤ ይህም በኋላ ለወሬው ጥሩ ቅመም ሆኗል። ሚስቱ ማዳም ሲልቪ ደግሞ ቤት ተቀምጣ ለልጆች የሚሆን የተረት መጽሐፍ ትጽፋለች፤ ቶርሜል ስለሚባል የሌለ መንግሥት። ቶርሜል ውስጥ ንግሥት አለች፣ ሁለት የማይስማሙ ወንድማማቾች አሉ፣ የሚናገር ፈረስ አለ። አልጋነሽ ፈረሱን ዝም ብላ አለፈችው። ያላለፈችው ካርታውን ነው።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛ ስትወለውል አየችው። ማዳም እርሳስ እያኘከች አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ማዳም፣ ይቺ ወንዝ ከየት ነው የምትነሳው?»

«ከባሕሩ።»

«የምትሄደውስ?»

«ወደዚያኛው ባሕር። በተራራው ላይ አድርጋ።»

አልጋነሽ መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ ከተተችው። «በምን ጉልበቷ ትወጣዋለች?»

«አስማት ያለበት አገር እኮ ነው፣ አልጋ።»

«አስማት ካለማ መንገድ ምን ያደርግላቸዋል? ይብረሩ።»

አልጋነሽም አንዴ አፏን ከፍታለችና ጣቷን አሸዋው መሐል ወዳለች ክብ ሰደደች። «ይቺ ከተማስ ምን ትጠጣለች?»

ማዳም እርሳሷን ከአፏ አወጣች። ስለ ውኃ አላሰበችበትም።

«ይሄን መንገድ ደግሞ በማስመሪያ ያሰመረው ማነው?»

«የድሮው ንጉሥ ናቸዋ።»

«ምን ጠጥተው?»

ሌላ ማዳም ብትሆን የዚያን ዕለት ሻንጣዋን ታስይዛት ነበር። ማዳም ሲልቪ ግን ሳቀችና ወንበር ሳበችላት። አልጋነሽ የጠረጴዛውን ላስቲክ ጨምደድ አድርጋ ተራራ ሠራች፤ ከማንቆርቆሪያው የቀዘቀዘ ሻይ አንጠባጠበችበት። ሻዩ ቁልቁል ወረደ፣ እርስ በርሱ እየተገናኘ ወፈረ፣ መጨረሻ ላይ አንድ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ተኛ።

«ያውልዎት ወንዝ። ሲወርድ ይገናኛል እንጂ አይለያይም። እዚህ የተኛው ደግሞ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ስትጠጣው ጨው ይሆናል፣ እንደ አሳል ሐይቅ።»

ከዚያ ጓዳ ገብታ እፍኝ ምስር አመጣች። ውኃ ይኖራል ባለችበት ሁሉ አንዳንድ ፍሬ አኖረች፤ ከምስር ወደ ምስር ክር ዘረጋች። ክሩ ጠመዘዘ፣ ተራራውን ዞረ፣ አሸዋውን በጠርዙ አለፈ። ማዳም ከላይ ሆና ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቶርሜል ሰው የሚሄድባት አገር መሰለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕዝቡን ማዳም ትፈጥራለች፣ መንገዱን አልጋነሽ ታወጣለች። አንድ ነገር ላይ ብቻ ማዳም ፍንክች አላለችም። በአረንጓዴው ደጋና ባሕሩ ዳር ባለችው ዋና ከተማ መሐል የተጋረደ ትልቅ ተራራ አለ፤ በተረቱ ማንም ተሻግሮት አያውቅም።

«ማንም ካልተሻገረው ይዙሩታ» አለች አልጋነሽ። ዞሩት። ከደጋው እስከ ዋና ከተማዋ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ እሷም በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችበት።

አልጋነሽ የካርታውን የቤት ሥራ የምትሠራው ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ ነው። ካርቲየ 4 ውስጥ ቦንቱ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ምግብ ቤት አላት፤ ዶራሌ ጭነት ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች እዚያ ይውላሉ። አልጋነሽ ጥግ ይዛ ደብተር ትዘረጋና ትጠይቃቸዋለች። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚግለው ስንተኛው ኩርባ ላይ ሲደረስ ነው? ሁለት ተሳቢ የማይተላለፉት የት ነው? ጎርፍ ሲቆርጣችሁ ስንት ቀን ታድራላችሁ? ያቺ ሻይ ቤት እዚያ ጠፍ ላይ ምን ትሠራለች?

ታምሩ የሚባል ሃያ ዓመት የነዳ ሾፌር ነበር። እሱ እንኳን ሊጠራጠር፣ የሚወዳት ልጅ የጠየቀችው ያህል ደስ አለው።

«ሚስቴ እኮ ‹ምን ይዘህ መጣህ› እንጂ ‹በየት በኩል መጣህ› ብላኝ አታውቅም» አላት። «ሻይ ቤቷ እዚያ የሆነችው መኪና እዚያ እምቢ ስለሚል ነው። ዳገቱን ጨርሶ ራዲያተሩ ይፈላል። ከፈላ ይቆማል፣ ከቆመ ይጠማል።»

«ስለዚህ ከተማ የሚቆረቆረው ዳገት አናት ላይ ነው፣ ጋሽ ታምሩ?»

«ከዳገቱ ትንሽ አለፍ ብሎ። አናቱ ላይ ንፋስ ነው፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

አልጋነሽ ይህንንም ጻፈች። ቶርሜል ውስጥ ያሉ ሦስት ከተሞች ከዳገታቸው ትንሽ አለፍ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቦንቱ ወሬ አታወራም፤ ትጠይቃለች ብቻ። አንድ ቀን ማዕድ ቤቷ በራፍ ላይ ለአንዲት ደንበኛዋ «አልጌ ይሄን ሁሉ መንገድ ምን ልታደርገው ነው?» አለች። ጥያቄው ከቀትር በፊት ነበር የተጠየቀው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሦስት አገር መልስ ሆኖ ቀርቦበታል።

ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ገባ። ነሐሴ ጅቡቲ ውስጥ ፈረንጅ የሚባል ፍጥረት የሚጠፋበት ወር ነው፤ ሙቀቱን ሸሽተው አገራቸው ይገባሉ። ማዳም ሲልቪና ባሏም ሄዱ። ማዳም ስትወጣ ካርታውን አልጋነሽ እጅ ላይ አኖረችላትና «ስመለስ መንገዶቹ አልቀው ላግኝ» አለቻት።

በመጀመሪያው ዓርብ አልጋነሽ ካርታውን ጠቅልላ ለታምሩ አንድ ኩርባ ልታሳየው ቦንቱ ጋ ሄደች። ገበታው ላይ ዘርግተው ታምሩ «እዚህ ላይ ተሳቢ አይታጠፍም፣ ትንሽ አስፊው» እያለ ሳለ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ጨዋዎች ናቸው። ሰላምታ ሰጡ፣ ካርታውን አጠፉ፣ መኖሪያ ፈቃዷን ተቀበሏት፣ ነገ ጠዋት ጣቢያ ነይ ብለው ወጡ። ሾፌሮቹ ሁሉ ባንዴ ተራቸው ደረሰ። ታምሩ ብቻ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ፈቃዷን ላልተነጠቀ ነው። ፈቃዱ በወሩ መጨረሻ ይታደሳል። እሱ ከሌለ የሚቀጥለው አፈሳ ሲመጣ አልጋነሽ በመጣችበት መንገድ በጋላፊ ድንበር በኩል ተጭና ትመለሳለች፤ ሐይቅ ደግሞ አባቷ ሞተው ቤቱ ለሌላ ሰው ሆኗል። አሥራ አምስት ዓመቷ ያለው እዚህ ነው። የሚመሰክርላት ደግሞ ማዳም ብቻ ናት፤ ስልኳ ሲደወል አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ መልእክት ተዉ ትላለች። አልጋነሽ መልእክት ተወች፤ «ማዳም፣ ቶርሜል የለችም ብለው ይንገሩልኝ» የሚል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይህም ራሱ የሰላይ ቃል መስሎ ተሰማት።

የጣቢያው አዛዥ ኮሚሴሩ ወፍራም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰውዬ ነው። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥጎቹን በስቴፕለርና በሻይ ብርጭቆ ተጭኗቸዋል። አልጋነሽ የምታውቀውን ፈረንሳይኛና የገበያ ሶማልኛ ቀላቅላ ትመልሳለች።

«ይህ የት አገር ነው?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«የሌለ አገር። ታዲያ ይህ ቀዩ ጽሕፈት ምንድን ነው?»

«ከዚህ እዚህ የሚፈጀው ሰዓት ነው። አሥራ ዘጠኝ።»

«ወደሌለ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት።» ኮሚሴሩ ይህን ራሱ ጻፈው። «ይሄ ምልክትስ?»

«ፍሬን የሚግልበት ነው።»

«በሌለ አገር ፍሬን ይግላል?»

«ፍሬን የትም ይግላል፣ ጌታዬ።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች አንገታቸውን አስገቡ። አንደኛው ይሄ ወደ አርታ የሚወጣው ኩርባ ነው ብሎ ማለ። ሁለተኛው የለም ይሄማ የዲኪል ሜዳ ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አልጋነሽ ኩርባውን ከአርታ፣ ሜዳውን ከዲኪል ነው የተበደረችው። መሬት ከየትም ፈልስሞ መሥራት እንደማይቻል እንዴት አድርጋ ታስረዳቸው? ያወጣችው መንገድ እውነት በመሰለ ቁጥር እሷ ውሸታም እየመሰለች ሄደች። አሥራ አምስት ዓመት ንጹሕ ሥራ ሠርታ፣ አሁን በንጽሕናው ልትጠፋ ሆነ።

ሁለት ሰዓት የጀመረው ጥያቄ ሰባት ሰዓት ደረሰ። ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም፤ ጫት ይገባል። ለጣቢያው የምታመጣው ኻሊዳ የምትባል ቁመተ ረጅም ሴት ናት። እርጥብ ጆንያዋን ይዛ ሳታንኳኳ ገባችና የኮሚሴሩን የጫት እስር ካርታው ላይ ጣል አደረገች።

«አንሺው፣ ማስረጃ ነው» አላት ኮሚሴሩ።

ኻሊዳ አነሳችው። ባነሳችበት ዓይኗ ካርታው ላይ ቀረ። «የየት አገር ነው?»

«እኛስ ምን እየጠየቅን ነው?»

«ጫታቸው ከየት ነው የሚገባው?»

ክፍሉ ውስጥ ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ አልጋነሽ ዞሩ። አልጋነሽ ጫት ነክታ አታውቅም። ሆኖም ጥያቄው የመንገድ ጥያቄ ስለሆነ ከልማዷ የተነሳ መለሰች። «ደጋው ይሄ ነው። ቅጠል ካበቀለ እዚህ ነው የሚያበቅለው።»

«የሚቅመው ሰው ያለውስ?»

«እዚህ፣ ባሕሩ ዳር። ዋና ከተማ ናት።»

«ስንት ሰዓት ነው በመኪና?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ኻሊዳ በጣቶቿ ቆጠረች። አንዴ ቆጥራ ስላላመነች ደገመች። ከዚያ እያዘነችላት እንደሆነ በሚያሳብቅ ድምፅ «አባዮ» አለቻት፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ጎህ ሲቀድ የተቆረጠ ቅጠል እዚህ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ያኔ ድርቆሽ ሆኗል። እዚህ ከተማ ውስጥ ማነው የሚኖረው?»

«ማዳም መቶ ሺህ ሰው ብላለች።»

«መቶ ሺህ ሰው፣» አለ ኮሚሴሩ ቀስ ብሎ፣ «ከሰዓቱን ምን እያደረገ?»

ማንም አልሳቀም መጀመሪያ ላይ። ፖሊሶቹ የምራቸውን አሰቡበት። የአርታው «ሥራ ሊሠሩ ይሆናላ» አለ። የዲኪሉ «እንዲህ ያለ ከተማ ሳምንት አይቆይም፣ መንግሥት ይገለብጣሉ» አለ። ኮሚሴሩ እስሩን እጁ ላይ መዘነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ እንደገና ቀዩን አሥራ ዘጠኝ አየ። ሆዱ መነቅነቅ ጀመረ። ሳቁ ከታች ነው የመጣው፤ ብርጭቆው ካርታው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ይህ ከተማ እኛ ጋ የለም» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እናንተ ጋም የለም። ሶማሌም የለም፣ የመንም የለም። የትም ሊኖር አይችልም። ይሄን ለሰላይነት የሚገዛ መንግሥት ካለ ይግዛ፣ ጠላታችን ነው የሚከስረው።» መሳቢያውን ከፍቶ መኖሪያ ፈቃዷን አወጣ፣ ከካርታው ጋር ሰጣት። «ሂጂ፣ እህቴ። ለመንገድሽም ውኃ ያዢ፤ ሩቅ ነው።»

አልጋነሽ ደረጃውን ወረደች። ያ አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት ፊቷን ሲመታት እፎይ አለች። አንድ ሱቅ በራፍ ላይ የበረዶ ውኃ ገዝታ ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን አናቷ ላይ አፈሰሰችው፤ ፈቃዱንና ካርታውን ግን እንዳይረጥቡ በክንዷ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። ባለሱቁ ቆሞ አያት። ሳቀችለት። ከዚያ ያለምንም ምክንያት ሁለት መንገድ ዞራ ሄደች፤ ማንም ያልጠራት፣ ማንም የማይፈልጋት ሰው ሆና መራመድ ጣመኝ ብላ።

ሦስተኛው መንገድ ላይ ግን ቆመች። የትም ሊኖር አይችልም ማለቱ ምን ማለቱ ነው? ሁለት ዓመት የደከመችበትን? ውኃውን ያሰላችለትን፣ ፍሬኑን፣ ጎርፉን፣ የሻዩን መቀዝቀዝ ሳይቀር?

ዞራ ኻሊዳ ወደምትሸጥበት ጥግ ሄደች። ኻሊዳ ጠረጴዛዋ ላይ እርጥብ ጆንያ እያለበሰች ነበር።

«አባዮ፣» አለቻት አልጋነሽ፣ «ስንት ሰዓት ቢሆን ይሆናል?»

ኻሊዳ ምን እንደተጠየቀች ገባት። «ጎህ ሲቀድ ተቆርጦ ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ። ከዚያ ያለፈው ለፍየል ነው።»

«ሰባት ሰዓት መንገድ።»

«ሰባት። ሾፌሩ ደግሞ እብድ መሆን አለበት።»

አልጋነሽ የዚያን ሳምንት ከሥራ በኋላ ከካርታው አልተነሳችም። ላስቲኩን ደግማ ጨመደደች፣ ሻዩን ደግማ አንጠባጠበች። የማዳም ተራራ ወገብ ላይ፣ ሁለት ጅረት ወዲያና ወዲህ የሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ አገኘች። ከጥንትም ነበረ፤ ማንም አልፈለገውም እንጂ። እዚያ ላይ የተራራ መሻገሪያ በር ከፈተች። ማዳም መስከረም ላይ ስትመለስ ማንም ያልተሻገረው ተራራ መሐል አስፋልት የሚያህል መንገድ ማግኘቷ አይቀርም፤ ሆኖም ያ ሌላ ጠብ ነው፣ ደግሞም አልጋነሽ መልሱን አዘጋጅታለች። የሚናገር ፈረስ እያለ ስለ በሩ ያልተናገረ ጥፋቱ የፈረሱ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ቦንቱ ጋ ስትገባ ሾፌሮቹ ባንድነት ተነሱላት።

«ሰላያችን መጣች» አለ አንዱ።

«ዛሬ ለማን ነው?»

«ለቶርሜል» አለች አልጋነሽና ተቀመጠች።

ቦንቱ ሳትታዘዝ ትልቅ ሳህን ፉል አምጥታ ፊቷ አኖረች። ዓይኗን አላነሳችም። «እኔ አላወራሁም፣ አልጌ። ጠየቅሁ እንጂ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ነው መልስ የሚሰጠው።»

«አውቃለሁ ቦንቱ። ሚጥሚጣ አምጪልኝ።»

ቦንቱ ሚጥሚጣውን ስታመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ካርታው ተዘረጋ። ታምሩ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ በጣቱ ከደጋው ጀምሮ ነዳው። በሩ ላይ ሲደርስ ማርሽ ቀነሰ፤ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ፍሬን የሚግልበት ላይ ቆሞ ሻይ ጠጣ። ባሕሩ ዳር ሲገባ ሰዓቱን አየና «ከእራቴ በፊት ደርሼ እመለሳለሁ» አለ። ኻሊዳም እዚያው ሰፈር ስትዞር ገብታ ነበር። ቀዩ አሥራ ዘጠኝ ተሰርዞ ሰባት መጻፉን አየች፣ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። «ይሄ ከተማማ ቢኖር» አለች፣ «ነገ ቅርንጫፍ እከፍትበታለሁ።»

ዙሪያውን የከበቡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጋነሽም ካርታውን ረጅም ጊዜ አየችው። ደስታዋ ሙሉ ነበር፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ትንሽ ነገር ነካካት። መኖሪያ ፈቃዷን በጡቷ መሐል ዳበሰችው፣ አለ። ካርታውን ማጠፍ ጀመረች።

«ያን ጊዜ ከጣቢያ ያወጣችኝ ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ሰዓት ስሕተቴ ነበረች» አለች። «አሁን ቢይዙኝ በምን እወጣለሁ?»

ታምሩ ሻዩን አማሰለ። ኻሊዳ ጆንያዋን አነሳች። ቦንቱ እንኳን አልጠየቀችም።